ዓሣን በመንጠቆ ስለ ማጥመድ፤ ካርፕና የጣና ዘመዶቹ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሮብ ገበያ የተላከ አንድ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። ጸሐፊው በዚያች ከተማ በመንግሥት ሥራ የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ከውጭ አገር የተመለሰ ዘመዳቸው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነመሣሪያው በስጦታ እንዳመጣላቸው፥ ዕቃውም ካርፕ ለሚባል ዓሣ የተሠራ መሆኑን እንደ ነገራቸው፥ እርሳቸው ግን ዘንጉን በግድግዳ ላይ ሰቅለው ከማየት በቀር የሚያደርጉበትን እንዳላወቁ ይገልጻሉ። ቀጥለውም ካርፕ ምን ዓይነት ዓሣ እንደ ሆነ፥ በአገራችን የት እንደሚገኝ፥ የዓመት ፈቃዳቸውንም በሐይቅ ዳር ለማሳለፍ ቢነሡ ምን ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል፥ በሬዲዮ የሰጠነውን መልስ ዛሬ በጽሑፍ እናቀርብላችኋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

እኔም ራሴ የሮብ ገበያ ልጅ ስለ ሆንሁ የጸሐፊው ችግር በደንብ ይገባኛል። በጮቄ ተራራ ግርጌ ያደገ ሰው ገብስንና ድንችን፥ በግንና ፈረስን ያውቃል እንጂ ከዓሣ ጋር ብዙ ትውውቅ የለውም። ከጮቄ የሚወርዱት እንደ ጨሞጋ ያሉት ወንዞች ቀዝቃዞችና ፈጣኖች ናቸው፤ የሚጓዙትም ወደ ጣና ሳይሆን ወደ ዓባይ ሸለቆ ነው። ስለዚህ ከሮብ ገበያ ተነሥቶ ሐይቅ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ወርዶ፥ በደምበጫ፥ በቡሬ፥ በኮሶበርና በዳንግላ በኩል አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። ከመነሣቱም በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጣራት ብልህነት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ካርፕ ሰፊ ቅርፊት ያለው፥ ጀርባው ጎበጥ ያለ፥ በአፉ ግራና ቀኝ እንደ ጢም የተንጠለጠሉ አራት ቀጫጭን ሥጋዎች ያሉት ዓሣ ነው። በእነዚህ ጢሞቹ የውሃውን ወለል እየዳሰሰ ምግቡን ይፈልጋል። በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሶቹ ያሉት በጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ምግብን እንደ ውሻ አይነክስም። ከጭቃ ጋር ወደ አፉ ስቦ ያስገባና፥ ያልተስማማውን መልሶ ይተፋዋል። በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት በጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ከጆሮው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ መስማቱ ከብዙ ዓሦች ይልቅ የበረታ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች፥ ማለት የአፉ ጠባይና የጆሮው ብርታት፥ ለአጥማጁ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ሁሉ የሚወስኑ ናቸውና በልባችሁ ያዙልኝ።

የካርፕ የትውልድ አገሩ ከዳኑብ ወንዝ፥ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አንሥቶ ወደ እስያ ይዘልቃል። ቻይናዎች ከጥንት ጀምረው ያረቡታል፤ ፋን ሊ የተባለ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ እርባታው መጽሐፍ እንደ ጻፈ ይነገራል። በኤውሮጳም በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት በገዳማቸው ኩሬ እያረቡ በጾም ቀን ይመገቡት ነበር። እስከ ዛሬም ቼኮችና ፖሎኞች በልደት ዋዜማ ማዕዳቸው ላይ ካርፕ ያቀርባሉ።

ወደ አገራችን የመጣው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ከኢጣሊያ ተጭኖ በአዲስ አበባ አጠገብ በአባ ሳሙኤል የግድብ ውሃ ውስጥ ተጨመረ። የአቃቂ ወንዝ ወደ አዋሽ የሚገባ በመሆኑ፥ ካርፕ ዛሬ በቆቃ ይገኛል፤ በዝዋይም አለ፤ በወሎ በኩል ሐይቅ በተባለው ሐይቅ ውስጥም ይገኛል። እንግዲህ በአዲስ አበባ የምትኖሩ አንባቢዎች ካርፕ ለማጥመድ ቢያምራችሁ ቆቃና ዝዋይ ሩቅ አይደሉም። ከአባ ሳሙኤል የተያዘውን ግን እንድትመገቡ አልመክርም፤ የከተማው ቆሻሻ በአቃቂ በኩል እየወረደ ውሃውን በክሎታልና።

ካርፕን በመንጠቆ መያዝ በውጭ አገር እንደ ትልቅ ጥበብ መቆጠር የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቀድሞ ትልቅ ካርፕ በመንጠቆ አይያዝም ይባል ነበር። በ1952 ግን ሪቻርድ ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ ሬድማየር በተባለች ትንሽ ኩሬ ሌሊቱን ተቀምጦ 44 ፓውንድ፥ ማለት 20 ኪሎ ያህል የሚመዝን ካርፕ አወጣ። ሰውዬው ዓሣውን አልገደለውም፤ በለንደን ለሚገኘው የእንስሳት መጠበቂያ ሰጠው፤ በዚያም ብዙ ዓመት ሕዝብ ሲያየው ኖረ። ከዚያ ወዲህ አጥማጆች ትልቁን ዓሣ ይዘው፥ መዝነው፥ ወደ ውሃው መመለስን ልማድ አደረጉ። ይህን ልማድ ወደ ኋላ እናነሣዋለን።

የሮብ ገበያው ወዳጃችን ግን ወደ ጣና ቢሄዱ ካርፕን አያገኙም። የሚያገኙት ዘመዱን ነው። ጣና ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፥ ጥልቀቱም ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። በውስጡ ቀረሶና አምባዛ አሉ፤ ከእነዚህ ሌላ «ነጭ ዓሣ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ከካርፕ ቤተሰብ የሆነ ዓሣ አለ። እርሱም እንደ ካርፕ ጢም አለው፤ ጥርሱም በጉሮሮው ውስጥ ነው። በስም አንድ ይሁን እንጂ በጠባዩ አንድ አይደለም። ሁለት የሆላንድ ሊቃውንት፥ ናገልከርኬና ሲቢንግ፥ በ2000 ባወጡት ጽሑፍ ነጭ ዓሣ የምንለው 15 ልዩ ልዩ ዘር መሆኑን አስረድተዋል። አንዱ ከወለል ትል ይለቅማል፤ ሌላው ሣርና ቅጠል ይበላል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ምንም እንኳ የመንጋጋ ጥርስ ባይኖራቸው ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚውጡ ናቸው። ይህ ሁሉ ዘር በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሊበዛ የቻለበት አንዱ ምክንያት፥ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ግንብ ቆሞ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ በመከልከሉ ነው።

ስለ መሣሪያው ስንናገር፥ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ዘንግ የሌለው ሰው ሦስት ወይም አራት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ደረቅ ቀርከሃ ይበቃዋል። ክሩ ውፍረቱ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የናይሎን ክር ይሁን። ከዚህ የወፈረ እንደ ሆነ ዓሣው ያየዋል፤ የቀጠነ እንደ ሆነ ይበጠሳል። መንጠቆው ከትንሽ ጣታችሁ ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፥ ጫፉ በጥፍር ላይ ሲጎተት የሚይዝ ስለታም ይሁን። መንጠቆውን በክሩ ላይ ስታስሩ ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ በራሱ ሙቀት ይደክማልና። ከመንጠቆው በላይ ትንሽ የእርሳስ ክብደት፥ ከዚያም በላይ ተንሳፋፊ የጠርሙስ ቡሽ አድርጉ። ክር መጠቅለያ ያለው ዘንግ ከሆነ ፍሬኑን አላሉት። ትልቅ ዓሣ መጀመሪያ ሲሸሽ ክሩን ወስዶ እንዲደክም ካልፈቀዳችሁለት፥ ክራችሁን በጥሶ መንጠቆውን በአፉ ይዞት ይሄዳል።

ቀጥሎ ያለው የምግቡ ነገር ነው። በዚህ በኩል የጎጃም ሰው ከማንም የተሻለ ዕድል አለው። የመንገደኛ ስንቅ የሆነው በሶ፥ በጥቂት ውሃና በትንሽ ማር ጠበቅ ተደርጎ ሲለወስ ለካርፕ ግሩም ምግብ ይሆናል። ልውሱ በውሃ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈታ ከስንዴ ዱቄትና ከእንቁላል ጋር አዋሕዱት፤ በሽምብራ ፍሬ እጥፍ መጠን አድበልብላችሁም ሁለት ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ ቀቅሉት። ላዩ ስለሚጠነክር ጥቃቅን ዓሦች ቆርሰው አይጨርሱትም። በቆሎና ሽምብራም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ሙሉ ተዘፍዝፈው በደንብ ካልተቀቀሉ በዓሣው ሆድ ውስጥ አብጠው ይጎዱታልና ደረቅ እህል ወደ ውሃ አትጣሉ። በጣና ዳር ለነጭ ዓሣና ለአምባዛ ከርጥብ መሬት የተቆፈረ የምድር ትል ይበጃል። በሶ ተብሎ የሚጠራ ዓሣም በጣና አለ፤ እርሱ ግን ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን እየፋቀ የሚኖር ስለ ሆነ በስሙ ተታላችሁ በሶ ብታቀርቡለት እምብዛም ዞሮ አያያችሁም።

ካርፕ ምግቡን ስቦ መልሶ እንደሚተፋ ከላይ ተናግረናል። ምግቡ መንጠቆውን ሸፍኖት ሲሰካ፥ ዓሣው ከምግቡ ጋር መንጠቆውንም ይተፋዋል። ስለዚህ የእንግሊዝ አጥማጆች በ1980 ገደማ አዲስ ዘዴ ፈጠሩ። ምግቡን በመንጠቆው ላይ ሳይሆን ከመንጠቆው ሥር በተንጠለጠለ አጭርና ቀጭን ክር ላይ ያስሩታል። ዓሣው ምግቡን ሲስብ ባዶው መንጠቆ ተከትሎ ይገባል፤ ሊተፋው ሲል ጫፉ ከንፈሩን ይይዘዋል። ለሮብ ገበያው ወዳጃችን የመጣላቸው ዕቃ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የታሰበ ሊሆን ስለሚችል፥ በሣጥኑ ውስጥ ያለችው አጭር ክር ምን እንደምትሠራ እንዳይገረሙ።

ዘንግና ምግብ ግን ብቻቸውን ዓሣ አይዙም፤ ይህንንም በራሴ ላይ ከደረሰው ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ቀን ወደ ጣና ስወርድ አዲስ ዘንግ፥ ነጭ ሸሚዝና ትንሽ ሬዲዮ ይዤ ነበር። ረፋድ ላይ ደርሼ በውሃው ዳር ወዲያና ወዲህ እየተመላለስሁ እስከ ቀትር ቆየሁ፤ ነገር ግን አንድም አልያዝሁም። ከእኔ ሃምሳ እርምጃ ርቀው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን በቀርከሃ ዘንግና በትል ሦስት አውጥተው ነበር። በመጨረሻ አዘኑልኝና «ልጄ፥ መጀመሪያ ሬዲዮውን ዝጋው፤ ከዚያም ተቀመጥ» አሉኝ። በሬዲዮ ተናጋሪነት እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህ ምክር ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን ታዘዝሁ። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ መጣሁ፤ ጥላዬ በውሃው ላይ እንዳያርፍ ከደንገሉ ኋላ ተቀመጥሁ፤ በቡሽዋ ላይ ብቻ ዓይኔን ጣልሁ። ቡሽዋ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ብላ ወደ ጎን ስትሄድ፥ በዓመት ውስጥ ከቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ያልተነሣልኝ ሐሳብ ሁሉ ከራሴ ላይ እንደ ተነሣልኝ ተሰማኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በፋይልና በስልክ መካከል ለሚውል ሰው፥ አንድ ነገር ብቻ እያዩ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት ያለ ዕረፍት እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

በሐይቅ ዳር ለሚውል ሰው ግን ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጣና ዳርቻ ውሃ የቢልሃርዚያ በሽታ ስለሚገኝ፥ በባዶ እግራችሁ ገብታችሁ አትቁሙ። ጉማሬ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ስለማይታጣ፥ ማታ በደንገል ውስጥ አትመላለሱ። ሐይቁ ጧት ጸጥ ያለ ሲሆን ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ስለዚህ በታንኳ የምትወጡ ከሆነ ከአገሬው ሰው ጋር ውጡ፤ ከቀትር በፊትም ተመለሱ። ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በብዛት ስለሚገኝ፥ መንጠቆ የሚጣልበትን ገላጣ ስፍራ ነዋሪዎቹን ጠይቁ። ስለ ፈቃዱም ጉዳይ፥ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የወጣ በመሆኑ፥ ከመጀመራችሁ በፊት በአቅራቢያው ያለውን የግብርና መሥሪያ ቤት መጠየቅ ከመንግሥት ሠራተኛ የሚጠበቅ ነው።

የያዛችሁትን ወደ ቤት ስትወስዱ፥ የካርፕ ቤተሰብ ሁሉ ሥጋው ውስጥ እንደ መንታ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች እንዳሉት አትርሱ፤ በልጆች ጉሮሮም ያስፈራሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጎኑን በስለታም ቢላዋ ሩብ ጣት ሩብ ጣት እያራራቁ እስከ ጀርባ አጥንቱ መብጣትና፥ በደንብ በጋለ ዘይት መጥበስ ነው። የተቆራረጡት ጥቃቅን አጥንቶች በዘይቱ ይፈረካከሳሉ።

እስካሁን የተናገርነው ዓሣን እንዴት እንደሚይዙት ነው። አሁን መቼ እንደማይዙት እንናገር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና።

አንድ ዓመት በነሐሴ ወር ወደ ጣና ወረድሁ። የጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አጠገብ መንጠቆዬ ሳያርፍ ዓሣ ይይዝ ነበር። ጎበዝ አጥማጅ የሆንሁ መሰለኝና ደስ እያለኝ ሰባት ትልልቅ ነጭ ዓሣ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ስትከፍት ከሆዱ የወጣው እንቁላል አንድ ሳህን ሞላ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ላይ ቢላዋዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እነዚያ ዓሦች በመንጠቆዬ ላይ የበዙት በእኔ ጥበብ ሳይሆን፥ ሊወልዱ ወደ ወንዙ ስለ ተሰበሰቡ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዘሮች ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፥ በርብ፥ በመገጭና በሌሎችም ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ጠጠር ባለበት ጥሩ ውሃ ውስጥም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይህ የሚበረታው ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። በዚያን ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ ብዙ መረብ ይዘረጋል፤ አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃውን በመመረዝ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ይፈጃል። በጥንት ጊዜ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ሆነው ሲያጠምዱ ለሐይቁ የማይከብድ ነበር። ከ1986 ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ የሚወጣው ዓሣ በዛ። ሊቃውንት በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት፥ በወንዝ የሚወልዱት የነጭ ዓሣ ዘሮች ክብደት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በ75 በመቶ ያህል መቀነሱን አስታውቀዋል። ቀስ ብሎ የሚያድግና ዘግይቶ የሚወልድ ዓሣ እንዲህ ያለውን ጉዳት ቶሎ አይተካውም።

ይህ ለእኛ ብቻ የሚቀር ኪሣራ አይደለም። ከካርፕ ቤተሰብ የሆኑ ትልልቅ ዓሦች በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ወደ ብዙ ዘር የተከፋፈሉበት ሌላ ስፍራ፥ በፊሊፒንስ አገር ያለው የላናዎ ሐይቅ ነበር። እዚያ ከሌላ ውሃ የመጡ እንግዳ ዓሦች ተጨመሩ፤ ማጥመዱም በዛ። በ2020 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዚያ ሐይቅ የራሱ ከሆኑት ዓሦች 15ቱ ከምድር እንደ ጠፉ አስታወቀ። እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረው ጣና ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው በቅንነት ተነሣሥቶ፥ ካርፕ ቶሎ ያድጋልና ወደ ጣና ቢመጣ ምን አለበት ይላል። ካርፕ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን የሚያደፈርስ፥ ሣሩን የሚነቅል፥ የሌላውንም እንቁላል የሚበላ በመሆኑ፥ ለቆቃ ያልከበደው እንግዳ ለጣና ከባድ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ውሃ ዓሣ በባልዲ አትውሰዱ፤ ለማጥመጃ የያዛችሁትንም ሕያው ዓሣ በማታውቁት ውሃ አትድፉ።

ስለዚህ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ በወንዝ አፍ ነጭ ዓሣ አታጥምዱ፤ በዚያ ጊዜ በሐይቁ ዳር ቀረሶና አምባዛ ይበቃችኋል። ሳታስቡት ሆዱ የከበደ ነጭ ዓሣ ቢይዛችሁ መልሱት። አመላለሱም ሥርዓት አለው። የመንጠቆውን ኋሊት የተመለሰች እሾህ አስቀድማችሁ በፒንሳ ከደፈጠጣችኋት ሳታቆስል ትወጣለች። ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የገላውን መከላከያ ልጋግ ይገፈዋልና። በደረቅ አሸዋ ላይ አታስተኙት፤ በውሃው ውስጥ ሆዱን ደግፋችሁ ያዙት። ራሱ እስኪገፋችሁ ድረስ ቆዩ፤ ከዚያ ልቀቁት። እኔ ከዚያ ነሐሴ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ባለቤቴም በባዶ እጄ ስመለስ ትስቅብኛለች እንጂ አትቆጣም።

ለሮብ ገበያው ወዳጃችን መልሳችን በአጭሩ ይህ ነው። ዘንግዎን ከግድግዳ ያውርዱት። የዓመት ፈቃድዎን ከኅዳር በኋላ ያድርጉት፤ ከአገርዎ ገብስ የተፈጨ ጥሩ በሶ ይያዙ፤ ግማሹን ለዓሣው፥ ግማሹን ለራስዎ። ሬዲዮዎን ግን ውሃው ዳር ሲደርሱ ይዝጉት፤ እኛ ማታ ሲመለሱ እንጠብቅዎታለን።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።